«ዘ» የት ትገባለች፣ የትስ ትወጣለች? የሹመት ስም በእንግሊዝኛ ስንጽፍ

የምሠራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ትርጉም ቤት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚመጣልኝ ወረቀት ያው ነው። የሥራ ልምድ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ ለኤምባሲ የሚሄድ የልደት ማስረጃ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የአስጎብኚ ልጆች ብሮሸር። የሚያስቸግረኝ ከባድ ቃል አይደለም። እሱን መዝገበ ቃላት ይፈታዋል። የሚያስቸግረኝ «ዘ» የምትባለው ሚጢጢ የእንግሊዝኛ ቃልና ትልቁ ፊደል ናቸው። በተለይ የሹመት ስም ሲመጣ፤ ከንቲባ፣ ዲን፣ ኃላፊ፣ ዐፄ፣ ራስ።

ቢያስቸግረን አይገርምም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። «ን» ንጉሥ ላይም ትግባ ንብ ላይ ያችው «ን» ናት። «ዘ»ም በእኛ ቋንቋ ለብቻዋ አትቆምም። ቃሉ ጭራ ላይ ትለጠፋለች፤ ከንቲባው፣ ዲኗ፣ ንጉሡ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ምሳሌዎቹን የምጽፈው በራሳችን ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ በትልቅ ፊደል የሚጀመረው ቃል ፊት ይህቺን ምልክት (+) አደርጋለሁ። ምልክት የሌለው በትንሽ ፊደል ይጀመራል። «+ጎንደር» ካልኩ የመጀመሪያዋ ፊደል ትልቋ ጂ ናት ማለት ነው።

1. መጀመሪያ፣ ስም ተከትሎታል ወይ?

ከሹመቱ ቀጥሎ የሰው ስም ካለ ሹመቱ የስሙ አካል ሆኗል። በትልቅ ፊደል ይጀመር፣ «ዘ» ትውጣ። «+ኢምፐረር +ፋሲለደስ»። «+ኢምፕረስ +ምንትዋብ»። «+ፕሬዚደንት» ካላችሁ በኋላም ስሙ ይከተል።

ይህን ጆሯችን ያውቀዋል። ዐፄ ፋሲል እንላለን። «ዐፄው ፋሲል» የሚል ጎንደሬ እስካሁን አልገጠመኝም። እንግሊዝኛ ስንጽፍ ግን «ዘ» ካልጨመርንበት እንግሊዝኛ የማይሆን ይመስለናል።

ባለፈው አንድ አስጎብኚ ልጅ ብሮሸር ይዞ መጣ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ዘ ኢምፐረር ፋሲለደስ ቢልት ዘ ካስል ኢን ዘ ጎንደር»። ሦስት «ዘ» ሰድሯል።

«ከሦስቱ አንዷ ብቻ ናት ቦታዋን ያገኘችው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቱሪስቱ እኮ ይገባዋል።»

«ይገባዋል። ግን ከታች ዋጋም ጽፈሃል። ቋንቋው ሲንሻፈፍበት ዋጋውንም ይጠራጠራል።»

አስተካከልነው። «+ኢምፐረር +ፋሲለደስ ቢልት ዘ ካስል ኢን +ጎንደር»። የከተማ ስም «ዘ» አይፈልግም። ካስል ላይ ያለችው ግን ትቆያለች፤ ግንቡ ከነፎቶው እዚያው ገጹ ላይ አለና፣ ስለየትኛው እንደምናወራ አንባቢው ያውቃል።

የሀገራችን ማዕረጎችም ያው ናቸው። «+ራስ +ሚካኤል +ስሑል»፣ «+ደጃዝማች»፣ «+አቡነ»፣ «+አቶ»። እነዚህን ባትተረጉሟቸው እመርጣለሁ። ራስን ዱክ፣ ደጃዝማችን ሌላ ነገር እያደረጉ የሚጽፉ አሉ። እኔ የዚያ ሰው አይደለሁም፤ ራስ ራስ ነው። «ሚስተር አቶ» ግን በፍጹም። ሁለቱም አንድ ናቸው፣ አንዱን ምረጡ።

ተራ ቁጥር ያለው ንጉሥ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ቀዳማዊ ኢያሱ በእንግሊዝኛ ሲነበብ «ኢያሱ ዘ ፈርስት» ነው። ሲጻፍ ግን «ዘ» አትጻፍም፤ ከስሙ በኋላ የሮማው ቁጥር አንድ ብቻ ይቀመጣል። በቅጽል ከሆነ ግን ትጻፋለች፦ «+ኢያሱ ዘ +ግሬት»። «ዘ» በትንሹ፣ «ግሬት» በትልቁ።

ሦስት የተለዩ ነገሮችን ደግሞ ያዙልኝ።

«የቀድሞ» የሚለው ቃል የማዕረጉ አካል አይደለም። ስለዚህ «ፎርመር +ፕሬዚደንት» ብላችሁ ስሙን አስከትሉ። ፎርመር በትንሽ ትቀራለች።

ሥራ ሁሉ ሹመት አይደለም። ሾፌር፣ አስጎብኚ፣ ገንዘብ ያዥ ከስም በፊት ቢመጡም በትንሽ ፊደል ይጻፋሉ። የሚሻለው ግን ስሙን አስቀድሞ፣ ኮማ አድርጎ፣ «ኤ ቱር ጋይድ» ማለት ነው።

ሦስተኛው ደንቡን የሚገለብጠው ነው። «ዘ +ሬቨረንድ» እና «ዘ +ኦነረብል» ስም እየተከተላቸውም «ዘ» ይይዛሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እነዚህ ሹመት ሳይሆኑ ቅጽል ናቸው፤ «የተከበረው» እንደማለት። «+ሂዝ +ኤክሰለንሲ» ሲሆን ግን «ዘ» የለም። «ሂዝ» ቦታዋን ይዞባታል።

2. ስም ከሌለስ?

ስም ከሌለ የአማርኛውን ጭራ እዩ። «ው» ወይም «ዋ» ካለበት «ዘ» ታስፈልጋለች፣ ሹመቱም በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ከንቲባው «ዘ ሜየር» ነው። ዲኗ «ዘ ዲን» ናት። ንጉሡ «ዘ ኢምፐረር»።

ትንሽ ፊደሉ ላይ ነው ሰው የሚያኮርፈኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት ብዙ ዓመት ጸሐፊ የነበሩ ጡረተኛ ጋሼ አሉ። ደብዳቤ ሊያስተረጉሙ መጥተው ስክሪኑን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኃላፊያችንን በትንሽ ፊደል? ይኼማ ንቀት ነው፣ ልጄ!»

«ጋሼ፣ ስማቸው ያለበት መስመር ላይ በትልቁ ነው ያደረግኩት። ይዩት።»

«እዚህኛውስ?»

«እዚህኛው ላይ ስም የለም።»

አልተዋጠላቸውም። እውነት ለመናገር ስሜታቸው ይገባኛል። እኛ አክብሮትን ግሱ ላይ እናስቀምጣለን፤ መጡ፣ ተናገሩ፣ እርሳቸው። እንግሊዝኛ ይህ የለውም። «ሂ» ለእረኛውም ለንጉሡም ያው ነው። ስለዚህ ያጣነውን አክብሮት ፊደሉ ላይ ልንጭነው እንሞክራለን። አሶሺየትድ ፕሬስ የሚባለው የዜና ወኪል ግን የአሜሪካን ፕሬዚደንት እንኳ ስማቸው ካልተጠራ በትንሿ ፒ ነው የሚጽፋቸው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሳቁ፦ «እነሱም ተናንቀዋላ!»

እዚህ ላይ ግን ግትር አትሁኑ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በራሳቸው ሰነድ ውስጥ «ዘ +ፕሬዚደንት»፣ «ዘ +ሴኔት» እያሉ በትልቁ ይጽፋሉ። የምትጽፉት ለእነሱ ከሆነ የቆየ ደብዳቤያቸውን አውጥታችሁ እሱን ተከተሉ። አንድ ገጽ ላይ ግን አንዴ በትልቅ፣ አንዴ በትንሽ አታድርጉ። ይህ ከሁሉም የከፋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። «የጎንደር ከንቲባ» ስንል ጭራው ላይ «ው» የለም። እንግሊዝኛው ግን «ዘ» ይፈልጋል፦ «ዘ ሜየር ኦፍ +ጎንደር»። «የእገሌ እገሌ» የሚለው ወደ «ኦፍ» ሲዞር፣ ሹመቱም የአንድ ሰው ከሆነ፣ «ዘ» ከፊት ትመጣለች። ጆሯችሁን አትመኑ፤ እዚህ ጋ ያታልላችኋል።

«የጎንደሩ ከንቲባ» ስንል ደግሞ ያቺ ጭራ ከከንቲባ ተነሥታ ጎንደር ላይ ትለጠፋለች። ብዙ ሰው ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ይወስድና «ዘ ጎንደርስ ሜየር» ይላል። ስሕተት ነው። ባለቤትነቱን በኤስ ካሳያችሁ «ዘ» ትውጣ፦ «+ጎንደርስ ሜየር»። «ዘ ሲቲስ ሜየር» ይባል የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይባላል። እዚያ ያለችው «ዘ» ግን የከተማዋ ናት እንጂ የከንቲባው አይደለችም። ሲቲ ተራ ስም ስለሆነ ይፈልጋታል፣ ጎንደር ግን አይፈልጋትም።

ንግሥተ ሳባስ? «ዘ +ክዊን ኦፍ +ሺባ»። «ዘ» አለች፣ ክዊንም በትልቅ ነው። በእንግሊዝኛ የምትታወቀው በዚሁ ማዕረጓ ስለሆነ ማዕረጉ ስሟ ሆኗል። ከንቲባ ግን ዛሬ አንዱ ነው፣ ነገ ሌላው።

3. «ሆኖ» የሚል ቃል አለ?

ተሾመ፣ ተመረጠ፣ ነገሠ የሚሉ ቃላት ሲመጡ አማርኛው «ሆኖ» ወይም «ሆና» ይላል። «ዲን ሆና ተሾመች»። «ዲኗ ሆና ተሾመች» አንልም። እንግሊዝኛውም እዚህ ጋ ከእኛ ጋር ይስማማል። «ዘ» የለም፣ ትልቅ ፊደልም የለም፦ «+ሺ ዋዝ አፖይንትድ ዲን»። ቴዎድሮስ በፈረንጆቹ 1855 ሲነግሡ «+ቴዎድሮስ ዋዝ ክራውንድ ኢምፐረር ኢን 1855» ነው። በዚህ ቦታ «ዘ ኢምፐረር» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው።

«አዝ» የምትለው ቃልም ከዚሁ ወገን ናት። «+ሂ ሰርቭድ አዝ ዳይሬክተር»። ግን ቆይ፤ ይህ የሚሠራው ሹመቱ የአንድ ሰው ሲሆን ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው ሥራ ከሆነ «ኤ» ግዴታ ናት። «+ሂ ወርክድ አዝ ኤ ድራይቨር»። «+ሺ ወርክድ አዝ ኤ ነርስ»። አማርኛው «ሾፌር ሆኖ ሠርቷል» ብሎ ስለሚያልፈው «ኤ»ን እንረሳታለን። እጄ ላይ ከሚገቡት የሥራ ልምድ ወረቀቶች የሚበዙት ይህቺን «ኤ» የጎደላቸው ናቸው። አንድ መስመር ብቻ ለማረም ጊዜ ካላችሁ ይህቺን አርሙ።

4. ስንት ናቸው?

ይህን ጥያቄ መጠየቅ የለመድኩት ሰው አስቸግሬ ነው።

አንዲት መምህርት የሥራ ልምዷን አስተረጎመችኝ። አማርኛው «ምክትል የትምህርት ክፍል ኃላፊ» ይላል። እኔ ሆዬ «ዘ ዴፒውቲ ሄድ» ብዬ ጻፍኩ፣ ታተመ፣ ማኅተም አረፈበት፣ ተላከ። ለካ ምክትሎቹ ሁለት ናቸው። ሁለተኛውም ለዚያው የውጭ ዕድል አመልክቶ ኖሯል፤ እሱም «ዘ» ብሎ። ከወዲያ ኢሜይል መጣላት። ከሁለታችሁ ምክትሉ ማን ነው? «ዘ» ማለት እኮ «ያ አንድ ብቻ ያለው» ማለት ናት። ሁለት ሰው «ዘ» ሲል አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው።

ወረቀቱን በአምስት ደቂቃ አስተካከልኩት። ማኅተም የሚመታው ሰው ግን መስክ ወጥቶ ነበር፤ ሳምንት ጠበቀች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ጭራሽ «አይዞህ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ምክትል፣ አስተባባሪ፣ አማካሪ፣ ባለሙያ የሚል ቃል ሳይ ሳልጠይቅ አልጽፍም። «ስንት ናችሁ?» አንድ ከሆነ «ዘ»፤ ብዙ ከሆኑ «ኤ» ወይም «ኤን»።

«ኤ» ወይስ «ኤን»? ትምህርት ቤት «በአናባቢ ፊደል ከጀመረ ኤን» ተብለን ነው ያደግነው። አሳሳቹ ፊደል የሚለው ቃል ነው። ወሳኙ ድምፁ ነው፣ ድምፅ ላይ ደግሞ የእኛ ፊደል ጎበዝ ነው። ቃሉን እንደሚጠራው በአማርኛ ጻፉት። ከአ ቤት ከጀመረ፣ ማለትም አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ ከሆነ፣ «ኤን» አድርጉ። ሌላ ከሆነ «ኤ»።

ሞክሩት። ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ በዩ ፊደል ይጀመራል፣ በአማርኛ ስንጽፈው ግን ከየ ቤት ነው። ስለዚህ «ኤ ዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር»። ፋሲል ግቢ በፈረንጆቹ 1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ «ኤ +ዩኔስኮ +ወርልድ +ሄሪቴጅ +ሳይት»። ዩኔስኮ በእንግሊዝኛ ሙሉ በሙሉ በትልቅ ፊደል እንደሚጻፍ አትርሱ። «የክብር» የሚለው ኦነረሪ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በኤች ይጀመራል፣ ኤቿ ግን አትነበብም። ኦ ናት፤ «ኤን ኦነረሪ ፕሬዚደንት»። የሰው ኃይል ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በአጭሩ ኤች አር ይባላል። ኤ ብሎ ጀመረ፣ ስለዚህ «ኤን +ኤች +አር ማናጀር»። ሲቪ ላይ ይህቺን በትክክል የጻፈ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

5. አድራሻ፣ ሰላምታ፣ ፊርማ

ይህ አጭር ነው። ፊርማ ሥር ያለ ሹመት «ዘ» የለውም፣ በትልቅ ፊደል ይጀመራል፦ «+ሄድ»፣ ኮማ፣ ቀጥሎ የክፍሉ ስም። አድራሻ ላይ «+ዘ +ሬጂስትራር» ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ያለ «ዘ»ም ያስኬዳል። ሰላምታ ላይ ግን «ዲር ዘ ዲን» አይባልም። «+ዲር +ፕሮፌሰር» ብላችሁ ስም አስከትሉ፣ ወይም «+ዲር +ዲን»። ለሀገራችን ሰው ስትጽፉ ከማዕረጉ በኋላ የሚመጣው የራሱ ስም ነው። የአባቱን ስም ብቻ ጽፋችሁ ሌላ ሰው አታድርጉት።

ካፕስ ሎክን ደግሞ አጥፉት። ሹመቱን ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል መጻፍ ለደብዳቤው ራስጌ ወይም ለቢሮ በር ይሁን። አንቀጽ ውስጥ ሲገባ ሰው ጆሮ ላይ እንደመጮህ ነው።

6. የመሥሪያ ቤቱ ስም

ሹመት ብቻውን አይመጣም፤ ቤቱን ይዞ ነው የሚመጣው። እዚህ ጋ የምትፈልጉት አንድ ቃል ነው፦ «ኦፍ»።

የእኛው ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ «ኦፍ» አለ። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ «ዘ +ዩኒቨርሲቲ ኦፍ +ጎንደር» ይሆናል። «ዘ» በትንሽ፣ «ኦፍ» በትንሽ። ሰው በአጭሩ «+ጎንደር +ዩኒቨርሲቲ» ካለው ግን «ዘ» የለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴም እንዲሁ። «+ደብረ +ብርሃን +ሥላሴ +ቸርች» ያለ «ዘ»፤ «ዘ +ቸርች ኦፍ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ከ«ዘ» ጋር።

ጠቅላላ ሕግ ግን አታድርጉት። የአስተዳደርና የሚኒስቴር ስም «ኦፍ» ባይኖረውም «ዘ» ይይዛል፦ «ዘ +ጎንደር +ሲቲ +አድሚኒስትሬሽን»። «ኦፍ» የምትረዳችሁ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለግንብ ነው።

ሙሉ ስሙን አንዴ ከጠራችሁ በኋላ «ዩኒቨርሲቲው» ስትሉ «ዘ ዩኒቨርሲቲ»፣ በትንሽ ፊደል። የጭራዋ ነገር እዚህም ይሠራል።

7. ከማኅተም በፊት

ሲጨርሱ በዓይን ማንበብ አይበቃም፣ ዓይን የለመደውን ያልፋል። ኮንትሮልና ኤፍ ተጭናችሁ «ዘ»ን አስፈልጉት። እያንዳንዷ ላይ ቁሙ። ቀጥሎ ማዕረግና የሰው ስም ካለ አውጧት፤ ሬቨረንድና ኦነረብል ላይ ግን ተዋት። ቀጥሎ በኤስ የተቀጠለ የቦታ ስም ካለ አውጧት። ከፊቷ «አፖይንትድ» ወይም «ኢሌክትድ» ካለና ቀጥሎ ሹመት ብቻ ከመጣ አውጧት።

ከዚያ «አዝ» የሚለውን ፈልጉ። ቀጥሎ የሥራ ስም መጥቶ «ኤ» ከሌለ፣ ስንት ሰው ይሠራዋል ብላችሁ ባለጉዳዩን ጠይቁት። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጠይቁት፤ ከሄደ በኋላ ስልክ አያነሳም።